የአክስቴ ዓይንና የውሃው ዓምድ

ጥቅምት 4

ሥራውን ያስጀመረኝ አንድ ቁጥር ነው። 18።

አክስቴ ለዓመታት ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ትመላለስ ነበር። በሄደች ቁጥር የዓይኗን ግፊት ይለኩና «18 ነው፣ ደህና ነሽ» ብለው ይሸኟታል። ባለፈው ክረምት ሌላ ቦታ ታየች። እዚያ ያገኘቻት ሐኪም ግፊቱን ለክታ አላቆመችም፤ ከዓይኗ በስተኋላ ያለውን ነርቭ አየች። በግራ ዓይኗ ከላይ በኩል ያለው እይታ ተበልቷል። ግላኮማ፤ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚበላ በሽታ። የሄደው እይታ ደግሞ አይመለስም።

«ግፊቴ ደህና ነው እየተባልኩ ዓይኔ እንዴት ጠፋ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ አሳፈረኝም። መካኒካል መሐንዲስ ነኝ፣ ወርክሾፕ ውስጥ አስተምራለሁ። ታንከር ሲፈነዳ «ግፊቱ ስንት ነበር?» ብሎ የሚያቆም ባለሙያ የለም። ላሜራው ስንት ሚሊ ነበር? ቀዳዳው የት ነበር? ብየዳው እንዴት ነበር? ይጠየቃል። ዓይንም በፈሳሽ የተሞላ፣ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ኳስ ነው። ስለዚህ ኳሱን ልሠራው ወሰንኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕክምናውን ለሐኪሟ ትቼ ግድግዳውን ነው የማጠናው።

ጥቅምት 6

መጀመሪያ ልኬቱ። የዓይን ግፊት ከደም ግፊት የተለየ ነገር ነው። አክስቴ ራሷ ጨው ስለቀነሰች ዓይኗም የሚሻለው ይመስላት ነበር። የዓይን ግፊት ማለት ኳሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ነው። የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የተለመደው ከ10 እስከ 21 ነው ይባላል። ይህ ወሰን የመጣው ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ልኬት ስሌት ነው። የአንድን ሰው ዓይን ጥንካሬ ለክቶ ያወጣው የለም። ይህን እዚህ የጻፍኩት ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ሜርኩሪ አልነካም፤ መርዝ ነው። ውሃ ይበቃኛል። 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከ13.6 ሚሊ ሜትር ውሃ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 15 ማለት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው። 30 ደግሞ 41 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆረጥኩ፣ ዘቅዝቄ ከክዳኑ ላይ የግሉኮስ ቱቦ አያያዝኩ፣ ግድግዳ ላይ ሜትር ለጠፍኩ። ጠርሙሱን ከፍ ሳደርግ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዝቅ ሳደርግ ይቀንሳል። እንዲህ ቀላል ነው።

20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ስታዩት ምንም አይደለም። ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ዓይን የሚጠፋው በዚህ መጠን ባለ ጨዋታ መሆኑ ይገርመኛል።

ጥቅምት 11

የግሉኮሱ ቱቦ ሌላ ነገር አስተማረኝ።

ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆሞ የሚውል አይደለም። ከፊት በኩል፣ ከብሌኑ ቀለበት ጀርባ ያለው ክፍል ሁልጊዜ ያመነጨዋል። በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር ገደማ። ከዚያ ኮርኒያ (ከፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) እና የብሌኑ ቀለበት የሚገናኙበት ጥግ ላይ ባለው የማጣሪያ መረብ አልፎ ወደ ደም ሥር ይገባል። እንባ ግን ሌላ ነው፤ ያ ውጭ ነው።

የተለመደው የግሉኮስ ቱቦ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ነው። አሰላሁት፦ አንድ ዓይን የሚያመነጨው በ20 ደቂቃ አንድ ጠብታ ብቻ ነው! ቱቦውን እስከዚያ ለመቀነስ ሞከርኩ፤ ማስተካከያው እንዲህ ያለ ዝግታ አይችልም። ወይ ይዘጋል ወይ ይፈጥናል።

በ20 ደቂቃ አንድ ጠብታ። መውጫው ትንሽ ሲጠብ ግን ይቺው ጠብታ ግፊቱን ትሰቅለዋለች። ስሌቱ የቧንቧ ሥራ ነው። ግፊቱ ከሁለት ነገር ይደመራል፦ ፈሳሹ መረቡን ለማለፍ ከሚያስፈልገው ግፊት፣ እና ከመረቡ ማዶ ደም ሥሩ ውስጥ ካለው ግፊት። የደም ሥሩን 9 ብዬ፣ መረቡ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በደቂቃ 0.3 ማይክሮ ሊትር ያሳልፋል ብዬ፣ ፈሳሹ የሚወጣበትን ሌላ ትንሽ መንገድ ለጊዜው ትቼ ሠራሁት። 2.5 ማይክሮ ሊትር ሲመነጭ ግፊቱ 17 ገደማ ይሆናል። መረቡ በግማሽ ሲደፈን ወደ 26 ይወጣል።

የአክስቴ ጠብታ ቲሞሎል ነው። ቲሞሎል የሚሠራው ምንጩ ላይ ነው፤ ቧንቧውን ቀነስ ማድረግ ማለት ነው። ሌሎች መድኃኒቶች ደግሞ መውጫውን ያሰፋሉ። ማታ ደውዬ ነገርኳት። ግፊቷ ጥሩ በተባለ ቁጥር ጠብታውን ትተወው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። «እትዬ፣ ቧንቧው አልተዘጋም፤ አንቺ ነሽ በእጅሽ ይዘሽ የቀነስሽው። እጅሽን ከለቀቅሽው እኮ ይመለሳል» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» አለች።

ጥቅምት 19

ኳሱን መሥራት ጀመርኩ። የሰው ዓይን ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኔ 4 እጥፍ አድርጌ የኋላውን ግማሽ ብቻ እሠራለሁ፤ 96 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ግማሽ ኳስ። ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ በእውነተኛው ዓይን 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእኔው 6 ይሆናል።

የዓይን ነጩ ክፍል ከኋላ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ልኬቱን ብጠብቅ 4 ሚሊ ሜትር ማድረግ ነበረብኝ። አውቄ 2 አደረግኩት፤ እንቅስቃሴው በስልክ ካሜራ እንዲታይ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚመጡት ቁጥሮቼ ለማነጻጸሪያ ናቸው እንጂ የሰው ዓይን ልኬት አይደሉም።

ሁለት ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን አንዱን ባንዱ ውስጥ ከትቼ መሐላቸውን ለአሉሚኒየም መስኮት በሚደረገው ሲሊኮን ሞላሁ። ቤቱ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ።

ጥቅምት 25

ከስድስት ቀን በኋላ ስከፍተው ውስጡ ገና ሊጥ ነው። ይህ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት አግኝቶ ነው። በሁለት ሳህን መሐል አፍኜው ከየት ያገኛል?

መፍትሔው የበቆሎ ስታርች ሆነ። ስታርቹ የያዘው እርጥበት ሲሊኮኑን ከውስጥ ያደርቀዋል። ጓንት አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ አቦካሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠነከረ። ገጹ ልሙጥ ባይሆንም ይይዛል።

ሁለት ግድግዳ ሠራሁ። አንዱ ባዶ ሲሊኮን። ሌላው መሐሉ የቁስል ፋሻ የተነጠፈበት። ውፍረታቸው አንድ ነው፤ ፋሻ ያለው ግን አይለጠጥም። የዓይን ነጩም እንዲሁ ነው፤ ጥንካሬው ኮላጅን ከሚባሉ ክሮች የሚመጣ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይገትራል። ሁለቱን ለስላሳውና ግትሩ ብያቸዋለሁ።

ኅዳር 2

ዛሬ ስለ ቀዳዳው። የነገሩ ሁሉ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ከሬቲና፣ ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ የሚነሱ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች በአንድ ቀዳዳ ወጥተው ወደ አንጎል ይሄዳሉ። ቀዳዳው ክፍት ቢሆን ፈሳሹ እየገፋ ክሮቹን ወደ ውጭ ያጎብጣቸው ነበር። ስለዚህ እዚያ ላይ የተዘረጋ ወንፊት አለ። ሐኪሞች ላሚና ክሪብሮሳ ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ወንፊት የሆነ ንጣፍ ማለት ነው። ክሮቹ እየተጠቀለሉ በወንፊቱ ቀዳዳዎች ያልፋሉ።

ወርክሾፕ ውስጥ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነገር አለ። በሁሉም በኩል እኩል የተወጠረ ላሜራ ላይ ክብ ቀዳዳ ብትበሳ፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ 2 እጥፍ ይሆናል። ዓይን ኳስ ስለሆነ ግድግዳው በሁሉም በኩል እኩል የተወጠረ ነው። ተፈጥሮ እጅግ ስሱን ነገር የሰቀለችው ውጥረቱ በሚከማችበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ወንፊቱን ከስስ ሲሊኮን ሠራሁ፤ በጋለ መርፌ 19 ቀዳዳ በሳሁ። ውሃው እንዳይፈስ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ፌስታል ጨማድጄ አነጠፍኩ። የጨማደድኩት ግፊቱን ራሱ እንዳይሸከም ነው።

ኅዳር 5

ከወርክሾፑ ዲያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አምጥቼ ወንፊቱ ወደ ኋላ ስንት እንደሚጎብጥ ለካሁ። ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ውሃውን ከፍ ሳደርገው እንኳ መርፌው ወደ ኋላ ይሄዳል።

ግማሽ ቀን ከፈጀሁ በኋላ ገባኝ። ጌጁ ውስጥ ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉ ወንፊቱን የሚገፋበት ኃይል ውሃው ከሚገፋበት ይበልጣል! የምለካው የራሴን መለኪያ ነበር። ይህን ስሕተት እዚህ ጻፍኩት፤ ስለ አክስቴ ልኬት ኋላ የገባኝ ነገር በዚህ በኩል ነው የመጣው።

ኅዳር 9

የእናቴን የስፌት ስንደዶ አንድ ዘለላ ወሰድኩ። በእስፒል ላይ ሚዛን አድርጌ ሰቀልኩት፤ አጭሩ ጫፍ ወንፊቱን ይነካል፣ ረጅሙ ጫፍ የካሬ ወረቀት ላይ ያመለክታል። አንድ ለአሥር። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትንቀሳቀስ ወረቀቱ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ትታያለች። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ይሠራል።

ኅዳር 13

የጠበቅኩት ይህ ነበር፦ ለስላሳው ግድግዳ ወንፊቱን ይበልጥ ያጎብጠዋል።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ጠርሙሱን 54 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀልኩ፤ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። በግትሩ ግድግዳ ወንፊቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ጎበጠ። በለስላሳው ግን 0.3 ብቻ። መጀመሪያ ውሃ የሚያፈስ መስሎኝ ዙሪያውን በጨርቅ ጠራረግኩ። ደረቅ ነው። ደገምኩት። ያው።

ከዚያ ፎቶዎቹን ከኋላ በኩል ያነሳኋቸውን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ አየሁ። ለስላሳው ላይ ዋናው ቀዳዳ ከ6 ወደ 6.6 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ግድግዳው ሲለጠጥ ወንፊቱን ጠርዙን ይዞ በሁሉም አቅጣጫ ይጎትተዋል፤ እንደ ከበሮ ቆዳ። የተወጠረ ቆዳ ብዙ አይጎብጥም። ግን ክብ የነበሩት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በተለይ ከዳር ያሉት፣ ተጎትተው ሞላላ ሆነዋል። በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፍ የነርቭ ክር ቢኖር ጉዳት ላይ ነበር። ጉብጠቱን ብቻ ብለካ ኖሮ «ይሄኛው ደህና ነው» እል ነበር።

ያው «18 ነው፣ ደህና ነሽ» እንደተባለው።

ኅዳር 21

የተጻፈ ፈለግኩ፤ ለካስ ይህን ቀድመው ያዩት አሉ። ሲጋል፣ ፍላናጋንና ኢቲየር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር የዓይንን ኋላ ሠርተው ብዙ ነገር እየቀያየሩ ሞክረዋል። ወንፊቱ አካባቢ ለሚደርሰው መለጠጥ ከሁሉ በላይ ወሳኝ ሆኖ ያገኙት የዓይን ነጩን ግትርነት ነው። ቀጥሎ የዓይኑ ስፋት። ከዚያ የወንፊቱ ግትርነት። ግፊቱ የመጣው አራተኛ ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን ግፊት ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። ነጩን መቀየር አንችልም፣ ግፊቱን ግን በጠብታም በቀዶ ሕክምናም መቀነስ እንችላለን። ግድግዳው ደካማ የሆነ ሰው ደግሞ ግፊቱ ለሌላው ሰው ደህና የሆነው ቁጥር ላይ እያለም ሊጎዳ ይችላል። ጃፓን ውስጥ ታጂሚ በምትባል ከተማ በተደረገ ጥናት ክፍት ጥግ ያለው ግላኮማ (የመውጫው ጥግ ሳይዘጋ የሚመጣው) ከተገኘባቸው ሰዎች 92 በመቶው ግፊታቸው 21 ወይም ከዚያ በታች ነበር። 92 በመቶ! በዚህ ቁጥር ብቻ የሚለይ ምርመራ እነዚህን ሁሉ «ደህና ናችሁ» ብሎ ይሸኛቸው ነበር።

ሌላም አለ። ሃሪ ኪግሊ የተባሉ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ወንፊቱ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት እንዳልሆነ በ1981 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ከላይና ከታች በኩል ቀዳዳዎቹ ሰፋ ያሉ፣ ድሩም የሳሳ ነው። ግላኮማ ቀድሞ የሚበላውም በዚያ የሚያልፉትን ክሮች ነው። የአክስቴ እይታ መሐሉ ደህና ሆኖ ከላይ በቅስት ቅርጽ የተበላው ለዚህ ነው፤ የተጎዱት ከታች የሚያልፉት ክሮች ናቸው፣ ዓይን ደግሞ ሥዕሉን ገልብጦ ነው የሚቀበለው። ሐኪሟ የሰጠቻትን የእይታ ምርመራ ወረቀት አውጥቼ እንደገና አየሁት። ቅስቱ እዚያው ነው።

ታኅሣሥ 6

አሁን ወደ መለኪያው። ግፊት የሚለካበት ዋናው መሣሪያ የጎልድማን ቶኖሜትር ይባላል፤ በስዊዘርላንድ በርን ይሠሩ በነበሩት በሃንስ ጎልድማን ስም። ኮርኒያውን በጠፍጣፋ ጫፍ ተጭኖ 3.06 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እስኪደለድል ስንት ኃይል እንደፈጀ ያነባል። 3.06 ለምን? በዚያ ስፋት 1 ግራም ጫና ልክ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። በዚያው ስፋት ላይ እንባው ጫፉን የሚስብበት ኃይልና ኮርኒያው የሚቋቋምበት ኃይል ይጣፋሉ። የሚያምር ምሕንድስና ነው።

ግን የሚጣፉት ኮርኒያው 0.52 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ነው።

ሞከርኩት። ባለ 1 እና ባለ 2 ሚሊ ሜትር ሁለት የሲሊኮን ኮርኒያ ሠራሁ። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ የትራፓኖ ስታንድ ላይ በታሰረ 12 ሚሊ ሜትር ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ተጫንኩ። ውሃው ለሁለቱም 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ውሃውን ብቻ ለመቋቋም 23 ግራም ይበቃ ነበር። በስሱ 29 ግራም፣ በወፍራሙ 41 ግራም አነበብኩ። ግፊቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። የዲያል ጌጄ ነገር ነው፤ መለኪያው ከሚለካው ነገር ጋር ይታገላል።

የአክስቴ ኮርኒያ ውፍረት ሲለካ 0.48 ሚሊ ሜትር ነው። ስስ ነው። ስለዚህ 18 የተባለው እውነተኛ ግፊት ከዚያ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ምን ያህል ከፍ እንደሚል በቀላል ቀመር ማውጣት አይቻልም፤ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ግትርነቱም ይገባበታል። ሐኪሟም እንዲሁ አለቻት። ግን ያ የኮርኒያ ልኬት ከዓመታት በፊት ተወስዶ ቢሆን ኖሮ!

ታኅሣሥ 30

ጾሙ ስላለቀ የበግ ዓይን አገኘሁ። ትናንት ጎረቤቶቼ ለገና ካረዱት ጭንቅላት አራት ዓይን በበረዶ አስቀመጡልኝ። ልጆቻቸው ተከትለው መጡ፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ።

አንዱን በስስ መርፌ ከውሃው ዓምድ ጋር አገናኘሁት። ላላ ብሎ የነበረው ዓይን 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ክብ ሆኖ ቆመ። ግፊቱ ጠላት ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ይታያል። ያለ ግፊት ዓይን ቅርጽ የለውም፤ ቅርጽ ከሌለ ሥዕል የለም።

ሁለተኛውን በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። ሬቲናው እንደ እርጥብ ሶፍት ተላቀቀ፤ ነርቩ በሚወጣበት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ተይዞ ቀረ። ከኋላው አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ፤ እኛ የለንም። ልጆቹ ጮኹ። ነጩን በካሊፐር ለካሁ፤ ከመሐል ወገቡ ይልቅ ከኋላ በኩል በግልጽ ይወፍራል። ቀዳዳው አካባቢ ተጠናክሯል። ነርቩን ከዓይኑ ጋር በሚገናኝበት ቆርጬ በማጉያ መነጽር ስመለከት ነጫጭ ድሩ በደብዛዛው ታየኝ። ወንፊቱ። ሁለት ወር ያህል በሲሊኮን ስቀዳው የቆየሁት ነገር።

ጥር 15

በሰውም ዓይን ቀዳዳውን እየዞሩ የሚያስሩ የኮላጅን ክሮች አሉ። በርሜል ላይ እንደሚታሰር ቀለበት። ለስላሳውን ግድግዳ እንደገና ሠርቼ፣ ቀዳዳውን ዙሪያ ብቻ የልብስ ስፌት ክር አሥር ጊዜ አዞርኩበት። በ54 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳው ከ6 ወደ 6.2 ብቻ ሰፋ። ግድግዳው ያው ለስላሳው ነው! አሥር ዙር ክር ይህን ሁሉ ካደረገ፣ ያ ቀለበት በተፈጥሮ የደከመበት ሰው ምን ይሆናል? ቀጣዩ ሥራዬ ክሩን በግማሽ ዙሪያ ብቻ ማሰር ነው።

ጥር 28

አክስቴ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ቡና ተቀመጠ፤ ኳሶቹ ከጎኑ። ጠርሙሱን ራሷ እንድታነሳው ሰጠኋት። እያነሳች ወንፊቱን አየች። በለስላሳው ላይ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሲሆኑ ጠርሙሱን ቶሎ ዝቅ አደረገችው።

«የኔ የትኛው ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም እትዬ። ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም» አልኳት። የማውቀውን ነገርኳት፦ ጠርሙሱ ዝቅ ባለ ቁጥር ሁለቱም ያርፋሉ። ሐኪሟም ግፊቷን ከ18 ወደ 12 ለማውረድ ነው የምትሠራው።

ጠርሙሱን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ «አንተስ ታይተሃል?» አለች።

የካቲት 5

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። አራት ወር ዓይን ስሠራ የራሴን አላሳየሁም ነበር። ዛሬ ታየሁ። ግፊት 16። ኮርኒያ 0.51። ነርቩ ለጊዜው ጤነኛ ነው፤ መነሻ እንዲሆን ፎቶ ተነሥቶ ተቀምጧል። እናቴና ሁለቱ ወንድሞቼ ለመጪው ሳምንት ተመዝግበዋል።

ግማሽ ዙር ክር ያለው ግድግዳ ማታ ተቦክቷል። ነገ ይከፈታል።